አእምሮን ከመርሳት በሽታ የሚጠብቅ አመጋገብ ከጎጃም ጓዳ

በጎጃም አንድ አዛውንት በአንድ ማለዳ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገዛ ደጃቸው ሲጠፋቸው ወይም ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ሲጠሩ፣ ቤተሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ነገሩን የዕድሜ ጉዳይ አድርጎ ያልፈዋል። ዕድሜ ማስታወስን በመጠኑ እንደሚያዘገይ እውነት ነው። ነገር ግን የለመዱትን መንገድ መሳት፣ ወጥ መሥራትን ወይም ገንዘብ መቁጠርን የመሰለ የዘወትር ተግባር መዘንጋት የእርጅና ጸባይ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። ከእነዚህ በሽታዎች ዋነኛው አልዛይመር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ሕመሙን ለሙያ ባልደረቦቹ ካቀረበው ጀርመናዊ ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በመርሳት በሽታዎች ተይዘው የሚኖሩ ሲሆን፣ ከእነዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የአልዛይመር ድርሻ ነው፤ ከሕሙማኑም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ይህን በሽታ ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ስላልተገኘ፣ ዋናው ሥራ ሳይመጣ መጠንቀቅ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በተለይ በአርባዎቹና በአምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ለሚገኙ፣ እንዲሁም በቤታቸው ለአዛውንት ወላጆች ምግብ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ሲሆን፣ የሚመክረውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ምግብ ሳይሆን በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራም ሆነ በባሕር ዳር ገበያ የሚገኘውን እህል፣ ጥራጥሬ፣ ቅባትና አትክልት በልኩና በአግባቡ መጠቀምን ነው።

ምግብ የሚችለውና የማይችለው

በዚህ ጉዳይ ላይ ከልክ ያለፈ ተስፋ የሚሸጡ ብዙዎች ስለሆኑ፣ አስቀድሞ የምግብን አቅም በልኩ ማወቅ ያስፈልጋል። አልዛይመር አሚሎይድ እና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ ያለቅጥ እየተከማቹ የነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ ነው። ክምችቱ የሚጀምረው መርሳቱ ለቤተሰብ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት አስቀድሞ ነው፤ ስለዚህ በሰባ ዓመታቸው የሚታመሙ ሰው በሽታው የጀመራቸው ገና ጉልበታቸው ሳይደክም፣ በአምሳዎቹ ዕድሜያቸው ሊሆን ይችላል። ከወላጅ የሚወረሰውን ዝንባሌም ሆነ የዕድሜን መግፋት ማንም በምግብ ሊለውጠው አይችልም። ሊለወጥ የሚችለው አንጎልን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሁኔታ ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ይህንንም የሚያገኘው ያለማቋረጥ ከሚደርሰው ደም ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የኮሌስትሮል ብዛት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ሲጎዱ፣ አንጎል ከፕሮቲኑ ክምችት በተጨማሪ የደም እጥረት ይደርስበታል፤ በብዙ አዛውንቶች ላይም ሁለቱ ጉዳቶች ተደርበው ይገኛሉ።

ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነም አንባቢ ሊያውቅ ይገባል። በቺካጎ የሚገኘው የራሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 923 አዛውንቶችን ተከታትለው፣ «ማይንድ» የተባለውን አመጋገብ ይበልጥ የተከተሉት በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው በ53 በመቶ፣ በመጠኑ የተከተሉት ደግሞ በ35 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ይህ አመጋገብ በሳምንት ቢያንስ ስድስት ጊዜ አረንጓዴ ቅጠል፣ በየቀኑ ሌላ አትክልት፣ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ገለባው ያልተለየ እህል፣ በሳምንት ከሦስት ጊዜ በላይ ጥራጥሬ፣ አንድ ጊዜ ዓሣ፣ ሁለት ጊዜ ዶሮ መመገብን ሲመክር፣ ቅቤን፣ ቀይ ሥጋን፣ ጣፋጭንና በዘይት የተጠበሰን ምግብ እንዲቀንሱ ያዛል። ሆኖም ይህ ጥናት ሰዎች በገዛ ምርጫቸው የሚበሉትን በመከታተል የተገኘ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው፣ 604 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ብቻ ይህን አመጋገብ እያስከተለ ለሦስት ዓመት የተከታተለው ሙከራ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አላገኘም። ሁለቱም ወገኖች ምግባቸውን በመጠኑ እንዲቀንሱ ተመክረው ክብደታቸው ቀንሶ ስለነበር፣ ሦስት ዓመትም ሃያ ዓመት ለሚፈጅ በሽታ አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

ይበልጥ የሚያበረታታው በፊንላንድ የተደረገው ሙከራ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ይህ ጥናት አመጋገብን ከአካል እንቅስቃሴ፣ ከአእምሮ ልምምድና ከደም ግፊት ክትትል ጋር ለሁለት ዓመት ሲያጣምር፣ የተሳታፊዎቹ የማሰብ ችሎታ የተለመደ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ሰዎች በልጦ ተገኝቷል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት 14 ሊለወጡ የሚችሉ የአደጋ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ በእነዚህ ላይ ቢሠራ ከመርሳት በሽታዎች 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። ከ14ቱ መካከል የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የኮሌስትሮል ብዛትና ከመጠን ያለፈ የአልኮል መጠጥ በቀጥታ ከማዕዳችን ጋር የተያያዙ ናቸው። በእኔ እምነት ጎጃም ላይ ላለ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ «አእምሮን የሚያበራ» ልዩ ምግብ ከመፈለግ ይልቅ፣ የደም ሥርን የሚጎዳውን ከዕለት ማዕዳችን መቀነስ ይቀድማል።

የጾሙን ማዕድ መሠረት ማድረግ

ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑን ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታንና የነቢያትን ጾም ለሚጾም ቤት፣ ከላይ የተዘረዘረው አመጋገብ እንግዳ አይደለም። ሽሮው፣ የምስር ወጡ፣ የአተር ክኩ፣ ጎመኑ፣ የሽምብራ ንፍሮውና የገብስ ቆሎው ከዓመቱ እኩሌታ በላይ በሚሆኑት ቀናት በማዕዱ ላይ አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር የጾሙን ማዕድ በፍስክ ቀናትም አለመተው፣ ማለትም ጾሙ ሲፈታ ጥራጥሬውንና ጎመኑን ከገበታ ሳያስወጡ ሥጋውን፣ እንቁላሉን ወይም ዓሣውን በጥቂቱ ማከል ነው። በከተማ የሚታየው ግን ሌላ ነው። የጾም ምግብ የሚባለው ቀስ በቀስ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ እየሆነ መጥቷል። ይህ ሥርዓተ ጾሙን አያፈርስም፤ ለደም ሥር ግን ከፍስኩ ምግብ አይሻልም።

እህልን በተመለከተ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጤፉ፣ በሜጫና በአቸፈር ዳጉሳው፣ በጮቄ ደጋ ገብሱ በቅርብ ይገኛል። ብዙዎች ቀዩን ጤፍ ለጤና፣ ነጩን ለክብር እየለዩ ይገዛሉ። ጤፍ ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነጩም ሆነ ቀዩ ከነገለባው ስለሚፈጭ፣ በቀለሙ ምክንያት ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም። ይልቅ የሚያሳስበው እንጀራ ሲጋገር የሚደባለቀው ሩዝና ነጭ ዱቄት ነው፤ እነዚህ ገለባቸው የተገፈፈ በመሆኑ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ፈጥነው ከፍ ያደርጋሉ። መደባለቅ ግድ ከሆነ በሩዝ ፈንታ ዳጉሳ ወይም ገብስ ይደባለቅ። ገብስ ቤታ ግሉካን የተባለውን፣ ጎጂውን ኮሌስትሮል ዝቅ የሚያደርግ አሰር ስለያዘ፣ ለቁርስ ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ ከመብላት ይልቅ በሶ፣ ቂንጬ ወይም የገብስ ገንፎ መልመድ ይበጃል። መጠኑም መታሰብ አለበት፤ ስኳር በሽታ ወይም ውፍረት ያለበት ሰው በሳህኑ ላይ ግማሹን በጎመንና በአትክልት፣ ሩቡን በጥራጥሬ ወጥ ሞልቶ፣ ለእንጀራው የቀረውን ሩብ ቢተው መልካም ነው። ከአንድ ትሪ በሚበላበት ቤት ይህን ለመለካት ስለሚያስቸግር፣ አትክልቱን አስቀድሞ በልቶ እንጀራውን ወደ መጨረሻ ማድረግ የተሻለ ዘዴ ነው።

ከጥራጥሬዎቹ መካከል ለጎጃም የተለየው ግብጦ ነው፤ እኔም በስፋት የምናገርለት የሚገባውን ክብር አላገኘም ብዬ ስለማምን ነው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ መሬቱን የሚያለማ፣ በፕሮቲንና በአሰር እጅግ የዳበረ እህል ነው። ነገር ግን አዘገጃጀቱ ላይ ቸልተኝነት አይፈቀድም። የግብጦን መራራነት የሚያመጣው አልካሎይድ የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በደንብ ሳይወጣ ከተበላ አፍን ያደርቃል፣ ዓይንን ያደበዝዛል፣ ሽንትን ይከለክላል፣ በአዛውንት ላይም ድንገት የሚመጣ መደናገር ያስከትላል፤ ይህንንም ቤተሰቡ ለመርሳት በሽታ ሊቆጥረው ይችላል። እናቶች ግብጦውን ቆልተው ወይም ቀቅለው በጆንያ እያሰሩ ለበርካታ ቀናት በሚፈስ ውሃ ውስጥ የሚያቆዩት በዚህ ምክንያት ነው። ወንዝ በሌለበት ከተማ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ አፍልቶ የፈላበትን ውሃ ይድፋ፤ ከዚያም ሰፊ ዕቃ ውስጥ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ጠዋትና ማታ ውሃውን ይለውጥ። ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ፍሬ ልጦ በጥርሱ ሰብሮ፣ ምላሱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቅመሰው። መራራነት ከተሰማው ተፍቶ ውሃውን እየለወጠ ይቀጥል፤ የሚበላው ምሬቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ብቻ ነው። ውሃው ለከብትም ሆነ ለሰው አይሰጥም። በመጨረሻም ሲቀርብ የሚነሰነስበት ጨው ጥቂት ይሁን።

ጎመን፣ ፍራፍሬና ዓሣ

የማይንድ አመጋገብ ጥናት ይበልጥ ካተኮረባቸው ምግቦች አንዱ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ እኛ ዘንድ የአበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይህን ቦታ ይይዛሉ። በክረምት ጎመን በየጓሮው ሞልቶ ሳለ፣ በበጋ ከገበታ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ስለሌለ ነው። የእጅና የአትክልት ማጠቢያውን ውሃ ሳይደፉ ለጥቂት እግር ጎመን ማጠጣት ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት ጥቂት ቀን የሚበቃ ቅጠል ያስገኛል። አበሳሰሉ ላይ አንድ የተለመደ ልማድ መቀየር አለበት፤ ጎመኑን በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ቀቅሎ ውሃውን ጨምቆ መድፋት፣ ለነርቭ የሚያስፈልገውን ፎሌት የተባለ ቫይታሚን አብሮ መድፋት ነው። ቅጠሉ ሳይከተፍ ይታጠብ፣ ከታጠበ በኋላ ይከተፍ፣ ከዚያም ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ በተቁላላበት ድስት ውስጥ በቅጠሉ ላይ በቀረው ውሃ ብቻ ተከድኖ፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ይውጣ። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባና ቲማቲም በየተራ ቢታከሉ ማዕዱ ይሟላል።

በፍራፍሬ በኩል ጥናቶቹ የሚያተኩሩት እንጆሪን በመሰሉ ጠቆር ያሉ ፍሬዎች ላይ ነው። በጎጃም ገጠር ልጆች የሚለቅሙት የዱር እንጆሪና አጋም የዚህ ዓይነት ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ስለሆኑ፣ በወቅታቸው ለትልልቆችም ቢቀርቡ ደግ ነው። በቆጋ መስኖ አካባቢ የሚመረተው አቮካዶ ደግሞ የማይረጋ ቅባት ስላለው በነጭ ዳቦ ላይ ቅቤ ወይም ማርጋሪን ከመቀባት የተሻለ ምርጫ ነው። ፍራፍሬ እንዳለ ይበላ እንጂ ስኳር ተጨምሮበት በጭማቂ መልክ አይጠጣ።

ዓሣ በሚበላበት ወቅት የጣና ቆሮሶ ወይም አምባዛ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢገኝ በቂ ነው። የጣና ዓሣ የባሕር ዓሣን ያህል ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ቅባት የለውም፤ ቢሆንም ጥሩ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ12 የሚሰጥ፣ ከሥጋ ይልቅ የሚረጋ ቅባት ያነሰበት ምግብ ነው። በባሕር ዳር የተለመደው ግን በሙሉ ዘይት ውስጥ መጥበስ ስለሆነ ጥቅሙ ይሸረሸራል፤ በወጥ መልክ፣ በጉላሽ ወይም በፍም ላይ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ዓሣ ለማይበላ ወይም ለማያገኝ ተልባ አለ። ተልባ የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ቢይዝም፣ ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ስለሚወጣ፣ ለስለስ ባለ እሳት ተቆልቶ ይፈጭ፤ ዱቄቱ ቶሎ ስለሚበላሽም የወር ስንቅ ከማዘጋጀት ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ በብዙ ውሃ በጥብጦ፣ ያለ ስኳር መጠጣት ለሆድ ድርቀትም ይረዳል።

ዘይት፣ ጨው፣ ስኳርና አረቄ

የሜዲትራኒያን አገሮች አመጋገብ የሚመካበት የወይራ ዘይት ለእኛ ገበያ ውድ ነው፤ ጎጃም ግን የኑግ አገር ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ የማይረጋ ቅባት ስለሆነ፣ የሚረጋውን ቅባት ሲተካ ጎጂው ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት በመሆኑ፣ በአቅም ረገድ ከተቻለ ወደ ኑግ ወይም ወደ ሱፍ ዘይት መመለስ ይበጃል። ዘይቱ ምንም ይሁን ምን ግን ከጠርሙሱ ወደ ድስት በግምት ማፍሰስ ይቅር። ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚደረግ ውሃ እያቁላሉ ሲበስል ዘይቱን በማንኪያ ለክቶ መጨመር፣ የወጡን ጣዕም ሳያጎድል የዘይቱን መጠን በብዙ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግሞ መጠቀምም መቆም አለበት።

ቅቤን በተመለከተ ምክሩ ለሁሉም አንድ አይደለም። በየሳምንቱ ጥሬ ሥጋ ለሚቆርጥና ወጡ በቅቤ ለሚንሳፈፍ የከተማ ነጋዴ፣ ቅቤውን በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ በታች፣ ቀይ ሥጋውንም በሳምንት ከአራት ጊዜ በታች ማድረግ ተገቢ ነው። ቅቤና ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ለሚያይ የጮቄ ገበሬ ግን ይህን ማስጠንቀቂያ መንገር ጉዳት ነው፤ የእርሱ ችግር ትርፉ ሳይሆን ጉድለቱ ነው።

ጨው ከሁሉም በላይ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም በመካከለኛ ዕድሜ የሚጀምር የደም ግፊት ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል አንዱ ስለሆነና በእኛ አገር ብዙ ሰው ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ስለሚኖር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህን በቤት ውስጥ መለካት ይቻላል፤ አምስት አዋቂዎች በሚመገቡበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን ሊቆይ ይገባል፤ ከዚያ በፊት ካለቀ ከልክ በላይ ተበልቷል ማለት ነው። ሲቆጠርም በርበሬውና ሽሮው ሲሰናዱ አብሯቸው የሚፈጨው ጨው አይዘንጋ፤ ብዙ ባለሙያ ሴቶች በርበሬው ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሽሮው ውስጥ ሁለተኛ፣ ወጡ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጨው የሚጨምሩት ሳይታወቃቸው ነው። በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ተፈጭተው፣ ጨው ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ብቻ ቢጨመር ቁጥጥሩ በአንድ እጅ ይሆናል። የሚገዛው ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርት በሚታይበት ደጋ አዮዲን ማጣት የታይሮይድ ዕጢን አድክሞ አእምሮን ሊያፈዝ ይችላል። አዮዲኑ በፀሐይና በሙቀት ስለሚተን ጨዉ በክዳን ይቀመጥ። ቡናን በጨው የሚጠጡ ቤቶችም ያንን ጨው ከልኩ ላይ ይቁጠሩት።

የስኳር ጉዳይ በአጭሩ ይነገር። በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ባይበልጥ የሚመረጥ ሲሆን፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ቡና ራሱ ለአእምሮ አይጎዳም፤ የሚጎዳው በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሲኒ ላይ በየተራ የሚጨመረው ስኳር፣ ማምሻውንም ተጠጥቶ እንቅልፍ መንሳቱ ነው።

አረቄ የሚጠጣ ሰው ስለ ጎመንና ስለ ኑግ ዘይት ከማሰቡ በፊት አረቄውን ሊያስብ ይገባል። ከመጠን ያለፈ አልኮል የአንጎል ሴሎችን በቀጥታ ከመጉዳቱም በላይ ቫይታሚን ቢ1ን ያሳጣል፤ የዚህ ቫይታሚን ማነስ ብቻውን ከባድ የማስታወስ ችግር ያስከትላል። በተዝካርና በሠርግ «ጠጡ» እየተባለ የሚቀርብን መጠጥ እምቢ ማለት በባህላችን ከባድ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ደጋሹ ራሱ ለአዛውንቶች ከጠላውና ከአረቄው ጎን ውሃና ስኳር የሌለው ሻይ ቢያዘጋጅ፣ እምቢ ማለት የሚከብዳቸውን ከችግር ያወጣቸዋል።

ለአዛውንት የሚለይ ጥንቃቄ

እስካሁን የተባለው በአብዛኛው የሚመለከተው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያለውን ሰው ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈና ከሲታ የሆኑ ወላጆችን «ለአእምሮዎ ይበጃል» እያሉ ምግብ መከልከል ተገቢ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ክብደት መቀነስ ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከመርሳቱ ቀድሞ የሚታይ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎና ጥርስ ለሌለው የሚመች የምስር ወይም የክክ ወጥ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማቅረብ ያስፈልጋል። የጥማት ስሜት በእርጅና ስለሚቀንስም ውሃ ሳይጠይቁ ይሰጣቸው፤ በውሃ ማነስ ብቻ የሚደናገሩ አዛውንቶች አሉ። ከሁሉም ይልቅ ብቻቸውን ጓዳ አስቀምጦ ከማብላት ከቤተሰቡ ጋር አንድ ገበታ ላይ ማስቀመጥ የምግብ ፍላጎታቸውን ይከፍተዋል፤ ብቸኝነትም ከ14ቱ የአደጋ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ጾምን በተመለከተ ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ ይታዩ። የመጀመሪያው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሰው በጉበቱ የሚያጠራቅመው ለረጅም ጊዜ ስለሚበቃው በፍስክ ወቅት የሚመገበው ጾሙን ያሻግረዋል። ነገር ግን ጨጓራቸው በእርጅና የደከመ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ደግሞ ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስዱ፣ ወይም በፍስክም ቢሆን ወተትና እንቁላል የማያገኙ አዛውንቶች ሊያጡት ይችላሉ። እግር ሲደነዝዝና ሲወጋ፣ ድካም ሲበረታና መርሳት ሲታከልበት ቢ12 እንዲመረመር መጠየቅ ይገባል፤ ይህ መርሳት በጊዜ ከተደረሰበት በመርፌ ወይም በእንክብል የሚታከም ነውና። ሁለተኛው የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር እንክብል እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የደም ስኳርን በድንገት አውርዶ አእምሮን ሊያስት ይችላል፤ የስኳር በጣም መውረድ ሲደጋገምም አንጎልን ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ጾሙን የምታቀልበት መንገድ ስላለ፣ ሐኪሙ የሚለውን ይዞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ብዙ እናቶች ከልጆቻቸው ይልቅ የሚሰሙት ንስሐ አባታቸውን ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ይህን ንግግር ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቢያደርገው ይቀላል።

ስለ እንክብልና ስለ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ቫይታሚን ቢ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ኦሜጋ 3ና የተቀላቀሉ ማሟያ እንክብሎች የመርሳት በሽታን ለመከላከል እንዲሰጡ አይመከርም ብሏል፤ ይህ እጥረቱ በምርመራ የተረጋገጠበትን ሰው አይመለከትም። ጊንጎ የተባለው የዕፅ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው፣ ከ3,000 በላይ አዛውንቶች በተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ጥቅም አላሳየም። ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት በምግብነታቸው ደጎች ናቸው፤ ለመርሳት መድኃኒት ተብለው በውድ ዋጋ ሲሸጡ ግን ገንዘቡ ለእንቁላልና ለጎመን ቢውል ይሻላል።

ምግቡ የሚበስልበት ቦታም ከአደጋው ጋር የተያያዘ ነው። የአየር ብክለት ከ14ቱ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ በጎጃም ቤት የበለጠውን ጭስ የምትተነፍሰው እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ናት። ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት መለየት፣ በጣሪያው አጠገብ ጭስ መውጫ መክፈት፣ የተሻሻለ ምድጃ መጠቀምና እርጥብ እንጨት አለማንደድ አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

በወላጅዎ ላይ የመርሳት ምልክት ካዩ፣ ዕድሜ ነው ብለው ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑት እርስዎም ቢሆኑ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የደም ግፊትዎንና የደም ስኳርዎን ይለኩ። ወላጅዎን ሲወስዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የባህል መድኃኒትም ካለ ጨምረው፣ በአንድ ከረጢት ይያዙ፤ መርሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ በድንገት ወይም ቀስ በቀስ እንደመጣ፣ በቅርቡ ወድቀው ራሳቸውን መትተው እንደነበርና ምን ያህል ክብደት እንደቀነሱ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። ለሐኪሙም ግፊት፣ ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቢ12 እና የደም ማነስ እንዲታይላቸው በግልጽ ይጠይቁ። ጤና ጣቢያው እነዚህን ሁሉ መመርመር የማይችል ከሆነ፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ የሪፈር ወረቀት በዚያው ቀን ይቀበሉ።